ጎሬላና የእከክ ተባይ፦ እህቴ የመረጠችው የባዮሎጂ የቤት ሥራ

የቀሐ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ እህቴ እዚሁ ጎንደር 11ኛ ክፍል ናት። የባዮሎጂ መምህራቸው «በጣም የማይመሳሰሉ ሁለት እንስሳት መርጣችሁ አነጻጽሩ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል። የክፍሏ ልጆች አንበሳና ዶሮ፣ ዝሆንና ጉንዳን ሲሉ የእኔዋ ጎሬላና የእከክ ተባይ ብላ ቁጭ። እናታችን «የእከክ ወሬ በገበታ ላይ አታንሺብኝ» ብላ ተቆጣች። አባታችን ሳቀ።

እኔ ደግሞ «ምኑ ይነጻጸራል? አንዱ መቶ ሰማንያ ኪሎ፣ አንዱ በዓይን የማይታይ። ጎሬላ ያሸንፋል ብለሽ በአንድ መስመር ዝጊው» አልኳት። «ማን አለህ?» ብላኝ ወጣች። እስቲ ባዮሎጂም ሕክምናም የምታውቁ፣ በምን በምን ቢነጻጸሩ ነው ወግ ያለው ጽሑፍ የሚሆነው? ቁመትና ክብደት ብቻ ጽፋ እንዳትሄድ ብዬ ነው።

ፒያሳ ማኪያቶ፦

እከክልኝ ልከክልህ ተባብለው ነዋ የሚነጻጸሩት ሃሃሃ። ኧረ እህትህ ግን ደፋር ናት። እኛ በዚያ ዕድሜያችን ላምና በሬ ነበር የምናነጻጽረው።

መምህር ከአራዳ፦

ልጅ ቀሐ፣ እህትህ ካንተ ተሽላለች። መምህሩ «በጣም የማይመሳሰሉ» ካለ ዝሆንና ጉንዳን የለመደ ነው፣ ይህኛው ሥራ ይጠይቃል።

ከዘር ቆጠራው ትጀምር። ጎሬላ ሁለት ዝርያ አለው፣ የምሥራቁና የምዕራቡ። ከቺምፓንዚ፣ ከቦኖቦ፣ ከ3ቱ ኦራንጉታኖችና ከሰው ጋር ሲደመር ቤተሰቡ በሙሉ 8 ዝርያ ነው። ሦስተኛው ኦራንጉታን ራሱ ለብቻው ዝርያ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ያውም በሱማትራ ደን ውስጥ ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀርተው። የእከክ ተባይ ወዳለበት ወገን፣ ወደ ማይት፣ ስትመጣ ግን ስም የወጣላቸው ብቻ ወደ 50,000 ዝርያ ይጠጋሉ፣ ያልተመዘገበው ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው ተብሎ ይገመታል። ማይት የመዥገርና የሸረሪት ወገን ነው፤ ሲያድግ 8 እግር አለው፤ ከቅማልና ከቁንጫ ጋር አይደመርም። ይህን ለይታ ትጻፍ፣ ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ ነው ነጥብ የሚጥለው።

ዕድሜያቸውም አይቀራረብም። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ ከሚባል ሥፍራ በድንጋይ ውስጥ የተገኘው ማይት 410 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ያን ጊዜ ጎሬላ ቀርቶ ዳይኖሰርም አልነበረም። የጎሬላ ወገን ነው የተባለው ጥንታዊ ቅሪት ደግሞ የተገኘው ከሌላ አገር አይደለም፣ ከዚሁ ከእኛው ነው። በአፋር ስምጥ ደቡባዊ ጫፍ፣ ጮሮራ ላይ 9 ጥርሶች ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2007 «ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ» ተብለው ተመዘገቡ። መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር፣ ኋላ ዐለቱ እንደገና ሲመረመር 8 ሚሊዮን ተባለ። ጥርሶቹ እንደ ዛሬው ጎሬላ ቅጠልና ግንድ ለመቆርጠም የተሠሩ ይመስላሉ። የጎሬላ ቀጥተኛ አያት ነው በሚለው ሁሉም ሊቅ አይስማማም። ጥናቱን ከጻፉት አንዱ ግን ብርሃነ አስፋው ነው፣ የጎንደር ልጅ። እህትህ ይህችን ብታስገባ መምህሯ አይጠላም።

ደባርቅ ከላይ፦

መምህር እግዜር ይስጥልን። እኔ ስሜን ላይ አስጎብኚ ነኝ፣ አንዲት ነገር ላክል። የአገራችን ጎብኚ ሳይቀር ጭላዳን ሲያይ «ጎሬላ! ጎሬላ!» ይላል። ጭላዳ ጎሬላ አይደለም፣ የጎሬላ የቅርብ ዘመድም አይደለም። ጭራውን እዩት፤ ጎሬላና ቺምፓንዚ ጭራ የላቸውም። ጭላዳ የዝንጀሮ ወገን ሆኖ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የሌለ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል ነው። ማታ ገደል ላይ ይተኛል። ጎሬላ ግን ማታ ማታ ቅጠልና ቅርንጫፍ አጥፎ አዲስ መኝታ ይሠራል፣ በማግስቱ እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

ይህ የመኝታ ነገር ለንጽጽሩ የሚጠቅም ይመስለኛል። በየቀኑ አልጋ የሚቀይር እንስሳ ላይ ተባይ እንዴት ይበረታል? ሐኪሞች መልሱልን።

ወለተ ጊዮርጊስ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ዙሮ ዙሮ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ልትሉን ነው? «ከሰው ጋር ሲደመር» የምትለዋን አይቻታለሁ መምህር። ልጆቻችንን እንዲህ እያላችሁ ነው የምታስተምሩት።

መምህር ከአራዳ፦

እህት ወለተ ጊዮርጊስ፣ ዛሬ የምናየው ዝንጀሮ ሰው ሆነ የሚል ባዮሎጂ የለም። የሥጋ ዝምድና በዘረመል ይለካል፣ የጎሬላና የሰው ዘረመል 98 በመቶ ገደማ ይመሳሰላል። ነፍስን የሚመለከተው የንስሐ አባቶች ጉዳይ ነው፣ እኔም ከእናንተ ጋር ነው ቁስቋም የማስቀድሰው። ክሩ የልጅቱ የቤት ሥራ ነውና ወደዚያው እንመለስ።

አዘዞ የከብት ሐኪም፦

ደባርቅ ጥሩ ጠየቅህ። የእከክ ተባይ አልጋ ውስጥ አይኖርም፣ ቆዳ ውስጥ ነው የሚኖረው። አልጋ መቀየር ከቁንጫና ከትኋን ይገላግል ይሆናል፣ ከዚህኛው ግን አያድንም። ከሰውነት ላይ ከወረደ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ቀን ነው ዕድሜው።

እስቲ በቅርበት ላሳያችሁ። እከክ የያዛት ፍየል ስትመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የጆሮዋን ጠርዝና አፍንጫዋ ዙሪያ ነው። ጸጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው ወፍሮና ተሸብሽቦ፣ ግራጫ ቅርፊት ይዞ ታገኘዋለህ። ከጤነኛውና ከታመመው ቆዳ ድንበር ላይ በምላጭ ጫፍ ደም ጠብ ጠብ እስኪል እንፍቃለን። ላይ ላዩን ብቻ የፋቀ ሰው ምንም ሳያገኝ «ነጻ ናት» ብሎ ይሸኛታል፤ ተባዩ ያለው ከሥር ነዋ። የተፋቀውን መስተዋት ላይ አድርገን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እናደርግበታለን፣ ቅርፊቱ ሲሟሟ ማይክሮስኮፕ ሥር እናስገባለን። ያኔ ይታያል፦ ክብ፣ ጀርባው እንደ ኤሊ ጎበጥ ያለ፣ እግሮቹ አጫጭር፣ ጀርባው ላይ ጥቃቅን እሾህ ያለው። ዓይን የለውም። የአየር ቧንቧም የለውም፣ በቆዳው ነው የሚተነፍሰው። ዕድለኛ ከሆንክ አጠገቧ እንቁላሏን ታያለህ፣ ከእሷ አንጻር ሲታይ ጉድ የሚያሰኝ ትልቅ እንቁላል ነው።

ሴቷ ከ0.3 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ናት፣ ወንዱ የእሷን ግማሽ ያህል ነው። ሙሉ ሰው የሚያህል ጎሬላ ከእሷ ወደ 4,000 ጊዜ ይረዝማል። ሙቀትና ሽታ ካገኘች ቆዳ ላይ በደቂቃ 2.5 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች። ከዚያ ገብታ በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ዋሻ እየማሰች በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች። በ3 እና 4 ቀን ይፈለፈላል። የሚወጣው ጫጩት 6 እግር ብቻ ነው ያለው፣ 8 የሚሆነው ኋላ ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ አድጎ ይጨርሳል።

አሁን ጎሬላዋን አምጡ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው 10 ዓመት አካባቢ ሲሆናት ነው። እርግዝናዋ 8 ወር ተኩል ነው። የምትወልደው አንድ፣ 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን። ቀጣዩ የሚመጣው ከ4 ዓመት ወዲያ ነው። በአንድ እርግዝና ጊዜ ማይቷ ከ10 ትውልድ በላይ ታሳልፋለች። ለእኔ የንጽጽሩ እምብርት ይኼ ነው። ጉልበቱን ተዉት፣ አንዱ ልጅ አሳዳጊ ነው፣ ሌላው እንቁላል በታኝ። ጎሬላ ላይ አንድ ግልገል ሲሞት የ4 ዓመት ድካም ነው የሚሞተው።

የቀሐ ልጅ፦

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። ግን ጉልበቱን እንዴት ልተው? ጎሬላ ደረቱን ሲደልቅ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል ይባላል። ማይትማ ማን ይሰማዋል።

ፋሲል ካምፓስ፦

ጉልበት ካልክማ ስማ። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ሙሉ ስሙ አርኬጎዜቴስ ሎንጊሴቶሰስ የሚባል ማይት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ልኬት የራሱን ክብደት 1,180 ጊዜ የሚያህል ጉተታ ይዞ ሲቋቋም ተገኝቷል። ጎሬላ የራሱን 10 እጥፍ ቢይዝ ታጨበጭብለታለህ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ በሰከንድ የሰውነቱን ርዝመት 322 ጊዜ የሚሮጥ ማይት ተለክቷል። አቦሸማኔ እንኳ ከ16 ብዙም አይዘልም። በል አሁን ማን አሸነፈ?

አዘዞ የከብት ሐኪም፦

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ አጠቃቀሙ ግን ሾልኮብሃል። አንደኛ፣ እነዚህ የእከኩ ተባይ አይደሉም፣ ሌሎች ማይቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ትንሽ ፍጡር ሁሉ ከክብደቱ አንጻር ብርቱ ነው። ቁመት በእጥፍ ሲያድግ ክብደት 8 እጥፍ፣ የጡንቻ ጉልበት ግን 4 እጥፍ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ሰውነት በገዘፈ ቁጥር ጡንቻ ከራሱ ክብደት ኋላ እየቀረ ይሄዳል። ማይቱን የጎሬላ ያህል ብታሳድገው በራሱ እግር መቆምም አይችልም፣ በቆዳው መተንፈሱም ያበቃል። «ቢተልቅ ኖሮ ዓለምን ይገዛ ነበር» የሚለው የቡና ቤት ወሬ ነው።

ሲስተር ማራኪ፦

እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ሰው ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው እከክ የያዘው ገላ ላይ ተባዩ በሺህ የሚርመሰመስ ይመስለዋል። በተለመደው እከክ አንድ ሰው ላይ የሚገኙት ከ10 እስከ 15 ማይት ብቻ ናቸው! ያ ሁሉ ማሳከክ ሰውነት ለተባዩ፣ ለእንቁላሉና ለኩሱ የሚሰጠው ቁጣ ነው። ዶክተር እንዳሉት ብዙ ትጥላለች፣ ግን ከእንቁላሉ አድጎ የሚጨርሰው ከአሥር አንድ አይሞላም፤ በጥፍርም፣ በእጥበትም፣ በራሳችን መከላከያም ያልቃል። እከክ የሰጠ አምላክ ጥፍር አይነሳም የሚባለው ለካ እንዲህም ነው። ሰውነቱ መከላከል ሲያቅተው ግን፣ ኤችአይቪ ያለበት መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ወይም የደከመ አዛውንት ላይ፣ ቆዳው በቅርፊት ይሸፈንና ማይቱ በሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ይሆናል። እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሙሉ ሰፈር ያስይዛል።

ሌላው ተንኮሉ ጊዜው ነው። መጀመሪያ የያዘው ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም አያሳክከውም። በዚያ መሐል ለቤተሰቡ ሁሉ አስተላልፏል። ለዚህ ነው «ያሳከከኝ እኔን ብቻ ነው» ብትሉም ቤቱ በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባ የምንለው። አንገቱ ላይ ትንሽ ቀብቶ የሚተውም አለ፤ ከአንገት በታች እስከ እግር ጣት ጥፍር ሥር ድረስ ነው የሚቀባው። ለሕፃናት ጭንቅላትም ይጨመራል። ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ፣ የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ አሽጎ ሳምንት ማቆየት። ተባዩ ከሞተ በኋላ ማሳከኩ 2 እና 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በየቀኑ እየተቀቡ ቆዳ ማቃጠል አያስፈልግም።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ኃፍረቱ ነው። ጣቷ መሐል ያለውን መስመር እያየሁ «የሳር አለርጂ ነው» የምትለኝ እናት አለች። የ2008ቱ ድርቅ ጊዜ በክልላችን በወረርሽኝ ደረጃ ወጥቶ በመቶ ሺዎች ሰው ይዞ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፣ ለመጠጥ ያልበቃ ውኃ ለገላ ከየት ይመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በማንኛውም ጊዜ በዓለም ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞት ይገኛል። እህትህ «ማን አለህ» ያለችው በከንቱ አይደለም።

ካምፓላ ያለሁ ጎንደሬ፦

ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነበር፤ ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። ልጅቱ የመረጠቻቸው ሁለቱ እንስሳት እኮ ተገናኝተዋል። ያውም እኔ ካለሁበት አገር፣ ኡጋንዳ፣ ብዊንዲ ደን ውስጥ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ለጎብኚ ከለመዱት የተራራ ጎሬላ ቤተሰቦች አንዱ፣ አራት አባላት ብቻ የነበሩት፣ ጸጉራቸው እየረገፈ፣ ቆዳቸው ነጭ ቅርፊት እያወጣ ይታከኩ ጀመር። ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ የምትባል ወጣት ኡጋንዳዊት የእንስሳት ሐኪም ሄዳ መረመረች። እከክ። ያው ዶክተር አዘዞ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚያየው ማይት፣ ስሙ ሳርኮፕቴስ። አራስ ግልገሉ ክፉኛ ተይዞ ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ከርቀት በሚተኮስ መርፌ አይቨርሜክቲን ተሰጥቷቸው ዳኑ። ይኸው መድኃኒት ነው እኛም ለፍየል የምንወጋው፣ ለሰውም በእንክብል የሚሰጠው።

ከየት መጣ? ጥርጣሬው ወደ ሰው ነው ያመራው። ጎሬላዎቹ ከደኑ እየወጡ የገበሬ ሙዝ ይበላሉ፤ ማሳው ላይ ደግሞ ማስፈራርቾ ተተክሏል፣ የለበሰው የሰው አሮጌ ልብስ ነው። ጎሬላ ነገር መነካካት ይወዳል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ጤና ጣቢያ የራቀው፣ እከክ የተለመደበት ነበር። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ የደረሰችበት ሐሳብ ጎሬላውን ለማዳን መንደሩን ማከም ያስፈልጋል የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች።

እዚህ ላይ ነው የመምህር «98 በመቶ» ሥራ ላይ የሚውለው። ወለተ ጊዮርጊስ አትቆጪኝና፣ ጉንፋናችንም እከካችንም ወደ ጎሬላ የሚሻገርበት ምክንያት ቆዳውና ሳንባው ከእኛ ስለማይርቅ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ጎሬላ ለማየት የሚሄድ ሰው ሲያስነጥሰው ከመንገድ የሚመለሰው። ቀድሞ 7 ሜትር ነበር የሚራቀው፣ አሁን 10 ሆኗል፣ ጭንብልም ይደረጋል። በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በቀን 8 ጎብኚ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ከ15 ዓመት በታች አይገባም። ሩዋንዳ በኩል ለዚያች አንዲት ሰዓት ከአፍሪካ ውጭ የሚመጣ ጎብኚ 1,500 ዶላር ይከፍላል። የተራራ ጎሬላ በሙሉ፣ በቪሩንጋ ተራሮችና በብዊንዲ ተቆጥሮ የወጣው 1,063 ነው። ይህም ተሻሽሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ቪሩንጋ ላይ የቀሩት 254 ብቻ ነበሩ፣ በ2010 480፣ በኋለኛው ቆጠራ 604። በ1,063 ውስጥ አንድ ግልገል በእከክ ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ ዶክተር ከላይ ጽፎታል።

ደባርቅ ከላይ፦

ወንድሜ ይህን አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ጎብኚው ጭላዳ መሐል ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሳል፣ ዳቦ የሚወረውርም አለ። «ራቅ በሉ» ስንል የሚቆጡን የራሳችን ሰዎች ናቸው። ይህን ክር አትሜ መግቢያው በር ላይ ልለጥፈው ነው።

ፒያሳ ማኪያቶ፦

እኔ ደግሞ ፊታችን ላይም ማይት አለ ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው?

ሲስተር ማራኪ፦

እውነት ነው፣ ዴሞዴክስ ይባላል። የሽፋሽፍትና የፊት ጸጉር ሥር ይኖራል፣ አብዛኛው አዋቂ ላይ አለ፣ ብዙውን ሰው ምንም አያደርገውም። ተኛ።

ባለ ቤት ሥራዋ፦

እኔ ነኝ። ወንድሜ ክሩን አሳየኝ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ካምፓላ፣ አንቱ ከመጻፍዎ በፊት እኔም የመረጥኳቸው የብዊንዲን ነገር አንብቤ ነው፣ ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም። መጀመሪያ ራሱ ይጠይቅ ብዬ ነው።

ያልመለስኩት አንድ ጥያቄ አለ፤ ለመደምደሚያው ፈልጌው ነው። ጎሬላ ቢጠፋ ማይቱ ምን ይጎድልበታል? ማይቱ ቢጠፋስ ጎሬላ ምን ያጣል? ሁለተኛውን «ምንም» ብዬ ልለፈው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

አዘዞ የከብት ሐኪም፦

እነሆ ጥያቄ! ለእከክ ማይት ጎሬላ ቢጠፋ ምንም አይጎድልበትም። ሰው አለው፣ ውሻ አለው፣ ፍየል፣ በግ፣ ግመል፣ አሳማ፣ ቀበሮ አለው። ምንም እንኳ በየእንስሳው የተለያየ ዓይነት ቢኖረውና የፍየሉ ሰው ላይ ወጥቶ ዘር መተካት ባይሆንለትም፣ ወገኑ በጠቅላላው አስተናጋጅ አያጣም። መላ ዘረመሉ የጎሬላን አንድ ሃምሳኛ ገደማ ነው። ያቺን ይዞ ነው ይህን ሁሉ ገላ የሚያዳርሰው።

ግን ጥገኛ ሁሉ እንደ እሱ አይደለም። ጎሬላ ላይ ብቻ የሚኖር ቅማል አለ። የሰው የብልት ጸጉር ቅማል የቅርብ ዘመድ ነው፣ በዘረመል ስሌት የተለያዩት ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ጎሬላ ያለቀ ቀን ያ ቅማል አብሮ ያልቃል፣ ማንም ሳይቆጥረው። እንስሳ ሲጠፋ ብቻውን አይጠፋም፣ ገላው ላይ ያለው ሁሉ ይከተለዋል። ስለዚህ «ጥገኛ ሁልጊዜ ያሸንፋል» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ያሸነፈው ብዙ ቤት ያለው ጥገኛ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ «ምንም» ብለሽ አትለፊው። ስለ እከኩ ማይት ከሆነ ጎሬላ ያጣል የምለው ነገር የለኝም። ሌሎቹን ማይቶች ካሰብሽ ግን፣ ደን ውስጥ የረገፈውን ቅጠል የሚያደቁትና አፈር እንዲሆን የሚያግዙት እነሱ ናቸው። ጎሬላ በቀን 18 ኪሎና ከዚያ በላይ ቅጠልና ግንድ ይበላል። ያ ቅጠል ከየት ይበቅላል?

ባለ ቤት ሥራዋ፦

የአፈሩን አላሰብኩትም ነበር። አገባዋለሁ። የፋሲል ካምፓሱ ጉልበተኛ ማይትም ቦታ አገኘ ማለት ነው።

የቀሐ ልጅ፦

አያችሁ እንግዲህ፣ እያወቀች እኔን ነው መድረክ ላይ የላከችኝ።

ባለ ፍየሉ ከጭልጋ፦

ጉዳያችሁን አቋረጥኩ፣ ይቅርታ። ዶክተር የጆሮ ጠርዝ ያልከው የእኔ ፍየሎች ላይ አለ። ከ14ቱ 5ቱ ጆሯቸው ቅርፊት ይዟል፣ አንዷ አፍንጫዋም ጀምሯታል። ቅዳሜ ገበያ ላውጣቸው ነበር። አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባቸው ይለኛል።

አዘዞ የከብት ሐኪም፦

ወንድሜ፣ ገበያ አታውጣ። አንድ ቀን ገበያ ውሎ የገባ እከክ የስንት ቀበሌ በረት እንደሚያዳርስ አይቻለሁ። ለራስህም ኪሳራ ነው፣ ነጋዴው ጆሮዋን ካየ በግማሽ ዋጋ ነው የሚያነሳት፣ ቆዳዋንም ፋብሪካ ይጥለዋል። በክልላችን ለበግና ፍየል እከክ ዘመቻ የተደረገው አንድም በቆዳው ምክንያት ነበር።

የሞተር ዘይቱን ተው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ይመርዛታል። 5ቱን ለይተህ አስር፣ ግን መድኃኒቱ ለ14ቱም ነው፣ ዘጠኙ ላይ ገና አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። አቅራቢያህ ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሂድ፣ ኪሎአቸው ተገምቶ አይቨርሜክቲን ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። የሚታለቡ ካሉ ንገራቸው፣ ወተቱ ለስንት ጊዜ እንደማይጠጣ ይነግሩሃል። መርፌው እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ሁለተኛውን ማስወጋት ግድ ነው። ብዙ ሰው መታከኩ ሲቆም ሁለተኛውን ይተወዋል፣ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። በረቱን ጠራርገህ አመድና ጉዝጓዙን አውጣ፣ ጥቂት ቀን ባዶውን ይክረም።

ባለ ፍየሉ ከጭልጋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ እወስዳቸዋለሁ። እኔንስ ክንዴን ያሳከከኝ ከእነሱ ይሆን?

ሲስተር ማራኪ፦

ከፍየሉ ከሆነ እነሱ ሲታከሙ በራሱ ይተውሃል። ማታ ማታ የሚብስ፣ ጣትህ መሐል የወጣ፣ ቤት ውስጥም ሌላ ሰው የሚያሳክከው ካለ ግን ከሰው ነው፣ ጤና ጣቢያ ሂድ። ሰኞ ፍየሎቹን ስታወጣ ራስህንም አሳይ።